ለአባባ ቮልስ ጎማ ስንፈልግ

ባለፈው ግንቦት የእህቴን ልጅ ዳርን። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤተሰቡን እንቅልፍ የነሳው ድንኳኑም፣ ጠላውም፣ የእንግዳው ብዛትም አልነበረም። ጎማ ነበር። ሙሽሪት ገና ሽማግሌ ሳይላክ ጀምራ «ከቤት የምወጣው በአባባ ቮልስ ነው» ብላ ሁላችንንም ቃል አስገብታናለች። አያቷም ይህን ከሰሙ ወዲህ መኪናዋን በየማለዳው ያጥቧታል፣ ይወለውሏታል፤ እናቴ «እኔን በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አላዩኝም» እስክትል ድረስ።

አባባ ቮልሷን የገዙት በ1964 ዓ.ም. ነው። ወንድሜም እህቴም እኔም ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባነው በእሷ ነው። ጡረታ ወጥተው ፉሪ ቤት ሠርተው ሲገቡ፣ ከዕቃው ሁሉ ቀድማ ግቢውን የረገጠችው እሷ ነበረች። ፉሪን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ለቡን አለፍ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ነው። ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃሏል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ አባባ ግቢ የሚያስገባው ግን ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ጫማ የሚያስቀር ጥቁር አፈር ነው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎማ የሚመረጠው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሚሄድበት መንገድም ጭምር ነው።

በየቤቱ እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቮልስ ባይሆን ፊያት 124፣ ላዳ ወይም ፔጆ 404 ይሆናል። አዲስ መኪና መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ ህልም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ እንዳይገባ ተወሰነ። ስለዚህ ያለችንን ይዘን መኖር ግድ ሆነ። ሞተሩን የሚያድስ መካኒክ፣ ላሜራውን የሚያቃና ባለሙያ አይጠፋም። ለቮልስ የጠፋ ዕቃ ሲኖር ሶማሌ ተራ ወርዶ መፈለግ ነው። ጎማ ግን እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም፤ ያገለገለ የሞተር ዕቃ ታጥቦ ሊሠራ ይችላል፣ ያረጀ ጎማ ግን ታጥቦ አዲስ አይሆንም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ አባባ እየነዱ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ሆነን ወደ ጀሞ ስንሄድ የኋላው ግራ ጎማ ተነፈሰ። ሚስማር ነው። እንደ ምንም እየተጎተትን መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ዘንድ ደረስን። ጎሚስታው ገና ወጣት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ክሪኩን አስገብቶ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ፣ ሚስማሩንም አገኘው። ከዚያ ግን መጠገኑን ትቶ ጎማውን በሁለት እጁ ጠምዝዞ ያየው ጀመር። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«እህቴ፣ ፋዘርን እንዳላስከፋ ብዬ ነው እንጂ፣ የዚህ ጎማ ችግር ሚስማሩ አይደለም» አለኝ።

ጎማው ሲጠመዘዝ በጥርሶቹ መካከልና በጎኑ ላይ እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ቀጫጭን ንቃቃት ይከፈታል። ሲለቀው ይዘጋል። ቆሞ ያለ መኪና ላይ ሆኖ ላየው ምንም አይታይም፤ ላዩ በማብሪያ ስለተቀባ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል።

«አዲስ እኮ ነው! አራቱንም ጥር ላይ ነው የገዟቸው» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። በጨርቅ ጭቃውን ጠርጎ ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ሞላላ ክበብ አሳየኝ። ውስጧ አራት ቁጥር አለ፤ 2516። ይህን ጊዜ አባባ ደርሰው ነበር።

«እሱንማ እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «25ኛው ሳምንት፣ 2016። የአምና ጎማ ነው። ሻጩ ራሱ ነው እያነበበ ያሳየኝ።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ፋዘር… የፈረንጅ ነው እኮ» አለ።

ነገሩ ይኸው ነው። ጎማ ሁሉ ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ የተመረተበት ጊዜ ታትሞበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ ግን የእኛ አይደለም። 2516 ማለት እ.ኤ.አ. የ2016 ሃያ አምስተኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ አጋማሽ 2008 ዓ.ም.። አባባ «የአምና» ብለው የገዙት ጎማ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ሻጩ አውቆ ይሁን እሱም ተሳስቶ እንዲህ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሱቁንም አልጠራም። ስህተቱ ግን በእኛ አገር ብቻ የሚቻል ስህተት ነውና ከዛሬ ጀምሮ የቤተሰብ ዕውቀት ቢሆን እወዳለሁ። አቆጣጠሩን ወደ እኛ ለመመለስ፣ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። በተረፈ ሁለት ነገር አስተውሉ። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታተመው በጎማው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ ከዞረ መኪናው ሥር ካልተኛችሁ አታዩትም። ስለዚህ ሳይገጠም አንብቡት። ቁጥሩ አራት ሳይሆን ሦስት ከሆነ ደግሞ ምንም ሒሳብ አያስፈልግም፤ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው።

አባባ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከፊት ለፊት መንገዱን ብቻ ያያሉ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ «ተታለሉ» መባል ከገንዘቡ በላይ ያማል። ማታ ቡና ላይ ግን ተነሡ።

«ጥርሱን አይተሽዋል? አንድ ሚሊ እንኳ አልተበላም። ጥርስ ያለው ጎማ እንዴት አሮጌ ይባላል?»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እኛ የጎማ ዕድሜ በጥርሱ ነው ብለን አድገናል። ለሚኒባስና ለታክሲ ልክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚሽከረከር ጎማው ሳያረጅ ጥርሱ ያልቃል። አሮጌ መኪና ግን በተቃራኒው ነው፤ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎማ ውስጥ እንዳይደርቅ የሚጠብቀው ሰም መሰል ነገር ተቀላቅሎበታል። መኪናው ሲሄድ ጎማው ስለሚተጣጠፍ ያ ነገር ወደ ላይ እየወጣ ቆዳውን ይሸፍነዋል። ቆሞ ከዋለ አይወጣም፤ ፀሐይና አየር ደግሞ ቆዳውን ቀስ በቀስ ያደርቁታል። እንደ እኛ ባለ ደጋ ፀሐዩ የሚያቃጥልበት አገር፣ ግቢ ውስጥ ያለ ጥላ ለወራት የምትቆም ቮልስ ጎማዋ ወር ከወር ከሚሠራው ታክሲ ጎማ የከፋ ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ከውስጡ ካለው ክርና ሽቦ ጋር የያያዘው ይላላል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ አይደለም የሚለቀው። አስፋልት ላይ፣ ሲሞቅ፣ ሰው ሲጫንበት፣ በአንዴ ነው።

ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ። እንደ ሚሽሊን ያሉ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ከተመረተ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም እንዳይነዳበት ይላሉ። ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ሌላ ነገር ነው።

«አባባ፣ እዚህ ፉሪ ለቡ የባቡሩ ጣቢያ የተመረቀ ዕለት ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አይለኝም! መስከረም 2009። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ከቤት መውጣት አቅቶን።»

«እነዚህ ጎማዎች የጅቡቲው ባቡር ሳይመረቅ በፊት የተሠሩ ናቸው።»

ሲኒውን አስቀመጡ። ትንሽ ቆይተው፣ «ታዲያ ልጆቹን ከኋላ ጭኜ ነው የምዞረው በላ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥርስ አልተከራከርንም።

በማግስቱ ፍለጋ ጀመርን። የመጀመሪያው ሻጭ ጥያቄያችንን ሳይጨርስ «15 አይደል? ይኸው 15» ብሎ ለዛሬ ኮሮላ የሚሆን 195/65 አር 15 አወጣልን። ርካሽ ነው፣ አዲስ ነው፣ ቀኑም ጥሩ ነው። ቸርኬው ላይ ይገባል ወይ? ይገባል። ይሆናል ወይ? አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ለማወቅ ቁጥሮቹን ማንበብ ይበቃል።

የቮልስ የትውልድ ጎማ 5.60-15 የሚባለው ነው። ስፋቱ 5.60 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 15 ኢንች፤ ተነፍቶ ከላይ እስከ ታች ወደ 650 ሚሊ ሜትር ይቆማል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የወጣው ፖርሽ 356 ኤ የተባለው የስፖርት መኪና የተጫማው ይህንኑ ልክ ነው፤ የቮልስም የፖርሽም አባት ፈርዲናንድ ፖርሽና ቤተሰቡ ናቸውና አያስገርምም። በቮልስ አካል ላይ የተሠራችው ባለ ሁለት በሯ ካርማን ጊያም እንዲሁ። አባባ በወጣትነታቸው የሃይላንድ ራሊ መኪኖች ሲያልፉ አይተው «ያቺ የእኔም መኪና ናት» ሲሉ እንደ ኖሩ እናቴ ትናገራለች። ጎማው የሚያኮራ ታሪክ አለው ለማለት ያህል ነው።

የዛሬ ጎማ ግን በሌላ ቋንቋ ነው የሚጻፈው። 165/80 አር 15 ሲል 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 80 ማለት የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 80 በመቶ ነው፤ አር ማለት ራዲያል ነው፤ 15 ቸርኬው ነው። ሒሳቡን ብትሠሩ የዚህ ጎማ ሙሉ ቁመት 645 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከቀድሞው ጋር የአምስት ሚሊ ልዩነት ነው፤ እንደ ወንድምና እህት ናቸው። ቀጥታ 165 አር 15 ተብሎ ከ80ው ውጭ የተጻፈም ከዚህ ጋር አንድ ነው በሉት። 195/65 አር 15 ደግሞ ቁመቱ 634 ነው፤ ያን ያህል አልራቀም። ችግሩ ስፋቱ ነው። የቮልስ ቸርኬ ስፋት 4 ወይም 4.5 ኢንች ሲሆን ያ ጎማ ቢያንስ 5.5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ በግድ ሲገባ እንደ ፊኛ መሐሉ ያብጣል፣ ጎኑ ጥምዝ ላይ ይዋልላል፣ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎ ይነካል። ቮልስ ሰፊ ጎማ ጭና «ስፖርት» የምትመስልበት ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ቸርኬዋም አብሮ ተቀይሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሻጭ 185/65 አር 15 አቀረበልን። እሱ ደግሞ ቁመቱ 621 ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቮልስ የፍጥነት መቁጠሪያ ሽቦ የሚነሣው ከግራው የፊት ጎማ ነው። ጎማው ካጠረ መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናዋ 76 ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሆዷ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የፉሪን ኮብልስቶንና ክረምት ላይ የሚፈጠረውን ቦይ ለሚያውቅ ሰው አንድ ጣት የምታህል ከፍታ ዋጋ አላት።

በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ 86ቲ፣ 87ቲ የሚል ነገር ታያላችሁ። ቁጥሩ የሚሸከመው ክብደት ነው፤ 86 ማለት አንድ ጎማ 530 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ፊደሉ ፍጥነቱ ነው፤ ቲ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ነው። ቮልስ ቁልቁለት ላይ ገፍታችሁ እንኳ ይህን ፍጥነት አታገኙባትም። ስለዚህ ሻጭ «ይሄ ለፈጣን መኪና የሚሆን ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ክብደቱን ግን አትለፉት፤ ከሙሽራና ሙሽሪት ጋር ሚዜና አያት ሲጫኑ ቀላል አይደለም።

የቀድሞውን ዓይነት ጎማ ነው ወይስ ራዲያል? አባባ መጀመሪያ የድሮው እንዲሆን ፈለጉ፤ «የመጣችበት ነው» ብለው። በድሮው ጎማ ውስጥ ያለው ክር እንደ ሰፌድ ስፌት ተሻግሮ ነው የሚሄደው፤ በራዲያል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሻገርና በላዩ የሽቦ ቀበቶ ይታሰራል። ራዲያል ዝናብ ላይ የተሻለ ይይዛል፣ መሪ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ረጅም ዕድሜም አለው። ለመዘክር የምትቆም መኪና ከሆነች የድሮው ያምርባታል፤ ልጅ የምትጭን ከሆነች ግን እኔ ራዲያል ነው የምለው። ምንም ብትመርጡ አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጉ። ፊት ራዲያል ኋላ የድሮው ሆኖ እርጥብ አስፋልት ላይ የተነዳ መኪና ወገቡ ከእጅ ያመልጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ ቸርኬዎች ጎማውን ጠርዝ ላይ የሚይዝ ጉብታ ስለሌላቸው ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፣ ያስፈልጋቸዋል። እሱም ለራዲያል የሚሆንና ልኩ የሆነ መሆን አለበት። ጎሚስታው ይህን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። «ሌላ ቦታ ከመነዳሪ የለውም ብለው ቢገጥሙልሽ፣ ጥምዝ ላይ ሲተነፍስ እኔ የለሁበትም» አለ።

አራተኛውን ቀን በስልክ ያገኘነው እሱው ነው። የሚያውቀው አስመጪ መጋዘን ሁለት 165/80 አር 15 እንዳለ፣ ሌላ ሱቅ ደግሞ ያው ሥሪት ሦስት እንደ ቀረው ነገረን። ሁለቱ 0924 የሚሉ ነበሩ፤ በእኛ የካቲት 2016 ማለት ነው። ሦስቱ 3123፤ ሐምሌ 2015 መገባደጃ። ይህን ሒሳብ የሠሩት አባባ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሻጩ ጎን ቆሞ እያየ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ገዢ ሁሉ በጥፍራቸው ላስቲኩን ጫን ጫን አደረጉ። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። አባባ ግን አምስት ጎማ መግዛታቸውን ሲሰማ ወንድሜ «አምስተኛው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ለመጠባበቂያው ነው። የቮልስ ትርፍ ጎማ ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው ያለው፤ ስንት ዓመት እዚያ እንደ ተኛ የሚያስታውስ አልነበረም። ስናወጣው ቁጥሩ ሦስት ነበር። ያ ማለት ሙሽሪት ሳትወለድ በፊት ጀምሮ መጠባበቂያ ነው ብለን ስንሸከመው የኖርነው ነገር ከክሪኩ በስተቀር ማንንም የማያድን ነበር። የዚህ ጎማ ሌላ ሥራ እንዳለው የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ በብዙ ቮልሶች ላይ የመስተዋት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በመጠባበቂያው ጎማ አየር ግፊት ነው። አባባ «ውኃው ከስንት ዘመን ጀምሮ አልረጭ ያለበት ምክንያት ይኸው!» ብለው ሳቁ። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

የአየሩ ነገር ግን ለብቻው ይነገር፤ ብዙ ቮልስ የሚበላሸው ጎማው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነው። አብዛኛው ጎሚስታ «ሠላሳ በሠላሳ» ብሎ አራቱንም እኩል ይነፋል። ለዛሬ መኪና ይሆናል፤ ለቮልስ ግን ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አብዛኛው ክብደቷ ኋላ ላይ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ለራዲያል ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒ ኤስ አይ ይላል። አስራ ስምንት ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ጎማው የተነፈሰ ይመስለዋል። ዓላማው ግን ፊቱ ለስላሳ፣ ኋላው ጠንካራ ሆኖ ጥምዝ ላይ የመኪናዋ ወገብ እንዳይወጣ ነው። በተለይ የቀድሞዎቹ ቮልሶች የኋላ እግር ጥምዝ ላይ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ ስላለው ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። መለካትም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጣ ነው። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሳይሞላ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ አይረሳ። ዊል አላይመንቱንም አብረን አስተካከልን፤ እሱ ሳይስተካከል የተገጠመ አዲስ ጎማ በወራት ውስጥ በአንድ ጎኑ ይላጫል።

ሠርጉ ደረሰ፣ አለፈ። ሙሽሪት ከፉሪ በአበባ ባሸበረቀች ቮልስ ወጣች፤ አባባ ራሳቸው ነዱ፣ ፍጥነቱም 40 አልሞላም። ከኋላ የተሰለፈው አጃቢ ሁሉ ክላክስ እያሰማ ይለምናቸው ነበር።

የቀረው የአሮጌዎቹ ጎማዎች ነገር ነው። ከሠርጉ ማግስት አንድ ሰው ግቢው በር ላይ መጥቶ «አባቴ፣ አራቱን ልግዛዎት፤ ገና ጥርስ አላቸው» አለ። የሰጠው ዋጋ መጥፎ አይደለም፣ ከከሰርነው ላይ ጥቂቱን ይመልስ ነበር። አባባ ለምን እንደሚፈልጋቸው ጠየቁት። «ለመኪና ነው እንጂ!» አለ ሰውዬው።

አባባ ምንም ሳይሉ ወደ ቤት ገቡና የእናቴን የሥጋ ቢላ ይዘው ወጡ። አራቱንም አንድ በአንድ አጋደሟቸው፣ በጉልበታቸው ተጭነው ጎናቸውን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቋቸው። አምስተኛውን፣ ያንን ባለ ሦስት ቁጥሩን፣ የሰነጠቀው ልጄ ነው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

«አሁን ውሰዳቸው» አሉት። «በነፃ ነው። መርካቶ ጎማ ተራ ለበረባሶ ይሆናሉ።»

እናቴ ስለ ቢላዋ እስከ ዛሬ ታነሳለች። አባባ ደግሞ የአየር መለኪያ ገዝተው ኮፈኑ ሥር አኑረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ይለካል፣ እሳቸው በቀድሞ የደብተር ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ፊት 18፣ ኋላ 27፣ ቀኑም በእኛና በፈረንጅ።